አጠገቧ የመሆን አገልግሎት



ነገሩን ከአንድ የስልክ ጥሪ እንጀምር። በቤተ ክርስቲያናችን ያለች አንዲት እህት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አዲስ አበባ ላሉት እናቷ በቪዲዮ ደወለችና «እማዬ፣ አታስቢ፤ የፓስተር ባለቤት ዱላ ሆና አብራኝ ትገባለች» አለቻቸው። እናት ለአፍታ ዝም አሉ። ከዚያ «ምነው ልጄ፣ በምጥሽ ላይ ደግሞ ዱላ?» አሉ። አጠገቧ ተቀምጠን ነበርና ሳቃችንን መያዝ አቃተን። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ልጃቸውን ሊያርሱ ፈልገው ለቪዛ ቀርበው ለሁለተኛ ጊዜ ተከልክለው የተመለሱት በዚያው ሰሞን ነበር። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው «እኔ መድረስ አልቻልኩም። እናንተ አላችሁ። አደራ» አሉን።

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚህ አደራ ነው። አደራውን ስላጎደልንበት አንድ ሌሊትም እንናገራለን፤ ያንን ደብቀን ሌላውን ብናወራ እውነት አይሆንምና።

እኛ በሜሪላንድ የምንኖር፣ በአማርኛ የምታመልክ ቤተ ክርስቲያን የምናገለግል ባልና ሚስት ነን። ሁለታችንም ሃምሳን አልፈናል። አንዳችን መጋቢ ነው፤ አንዳችን ደግሞ የዱላነት ሥልጠና ወስዳ ከወላድ እህቶች ጋር ወደ ሆስፒታል ትገባለች። መኪና መንዳቱን፣ ኮሪደር ላይ ከባሎች ጋር መቆየቱን፣ አጥሚቱን ማድረሱንና መጸለዩን ተካፍለነዋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «እኛ» ስንል ማን የቱን እንዳደረገ አንለይም። አገልግሎቱ የሁለታችን ነው፤ ጥፋቱም የሁለታችን ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

«ዱላ» የሚለው ስም መነሻው ግሪክኛ ነው። በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ «ዱሌ» ማለት ሴት ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ነው። በሉቃስ 1፥38 ማርያም ለመልአኩ ስትመልስ ራሷን የጠራችበት ቃል ይኸው ነው። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ይህን ቃል ለፈተና አጥንተነው ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ በወላድ ክፍል በር ላይ እናገኘዋለን ብለን ግን አላሰብንም። ዳና ራፋኤል የተባለች አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ምሁር በ1973 ስለ ጡት ማጥባት ባሳተመችው መጽሐፍ አራስ እናትን የምትደግፍ ሴትን በዚህ ቃል ጠራቻት። ከዚያ ወዲህ በምጥ ሰዓት አብራ ለምትሆነዋም መጠሪያ ሆነ።

በእኛ ቋንቋም ቢሆን ዱላ መምቻ ብቻ አይደለም። እረኛ ይደገፍበታል፤ ሽማግሌ ይመረኮዘዋል፤ ወንዝ የሚሻገር ሰው ጥልቀቱን ይለካበታል። ዳዊትም በመዝሙር 23 በጨለማው ሸለቆ ሲያልፍ ያጽናናው የእረኛው በትርና ምርኩዝ እንደ ሆነ ይናገራል። ለእኒያ እናትም ይህንኑ አልናቸው፦ «እማማ፣ የሚመታው ሳይሆን የሚደገፉት ዱላ ነው።» «እንዲያ ከሆነስ ደግ» አሉ።

ሥራው ምንድን ነው?

ዱላ አዋላጅ አይደለችም። መርፌ አትወጋም፣ መድኃኒት አትሰጥም፣ የሕፃኑን የልብ ምት አትለካም፣ በሐኪም ውሳኔ ውስጥ አትገባም። ከመውለጃው ቀን በፊት ወደ ቤት እየሄደች ወላዷንና ባሏን ታነጋግራለች፤ ምን እንደሚፈሩ ትጠይቃለች። ምጡ ሲፋፋም ትመጣለች፤ እስክትወልድም አትሄድም። ወገቧን ታሻላታለች፣ ውኃ ታስጎነጫታለች፣ ስትራመድ ትደግፋታለች፣ በምጥ መካከል «ተንፍሺ፣ ይህኛው አለፈ» ትላታለች። ሐኪም ተናግሮ ሲወጣ «ገባሽ? ያልገባሽ ካለ እንዲመለሱና እንዲያስረዱሽ እንጠይቅ» ትላለች። ነርሶቹ ፈረቃ ይለዋወጣሉ፤ ሐኪሙ ይገባል ይወጣል፤ እርሷ ግን እዚያው ናት።

ይህ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። ግን በጓቲማላ ተደርጎ በ1980 የታተመ ጥናት አጠገባቸው የምታጽናናቸው ሴት የነበረቻቸው እናቶች ምጣቸው አጥሮ እንደ ተገኘ አሳይቷል። በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ በ17 አገሮች የተደረጉ፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው 26 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙት በተፈጥሯዊ መንገድ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸው ነገር ዝቅ ያለ፣ ምጣቸውም አጠር ያለ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ወላድ ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል። እዚህ ሜሪላንድና ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ከ2022 ጀምሮ ሜዲኬይድ ላላቸው እናቶች የዱላን ወጪ መሸፈን ጀምረዋል።

አያቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። መጽሐፍ ቅዱስም ያውቀዋል። በ1ኛ ሳሙኤል 4 የፊንሐስ ሚስት በዚያ ክፉ ቀን ስትወልድ በአጠገቧ የቆሙ ሴቶች ነበሩ። በዘፍጥረት 35 ራሔል ምጥ ሲጠናባት አዋላጂቱ እንዳትፈራ ነገረቻት። ሁለቱም እናቶች ሞቱ። ቃሉ ይህን አልሸሸገንም። አጠገብ መሆን ሁልጊዜ ሞትን አያስቀርም፤ ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ብቻቸውን አልነበሩም።

ሸክሙ እንዴት ወደ እኛ መጣ?

ይህ ሸክም የመጣልን በራእይ ወይም በትንቢት አይደለም። የበኩር ልጃችን በተወለደበት ሌሊት አንዳችን መድረክ ላይ፣ አንዳችን ምጥ ላይ ነበርን።

ያኔ አገር ቤት በአንዲት ትንሽ ከተማ ነበር የምናገለግለው። በሌላ ከተማ የሦስት ቀን ጉባኤ ነበር። ቀኗ መድረሱን እናውቃለን፤ ግን «የጌታ ሥራ ነው፤ እርሱ ይጠብቃታል» ተባባልን። እውነቱን ለመናገር ይህን ያለው አንዳችን ብቻ ነው። ሌላዋ ዝም አለች፤ ዝምታዋም እንደ ስምምነት ተቆጠረ። ሞባይል በሌለበት ዘመን ምጡ እኩለ ሌሊት ላይ መጣ። የደረሱላት ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት የኦርቶዶክስ አማኝ እናት ናቸው። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሰው ቀስቅሰው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ሌሊቱን ሙሉ ወገቧን እያሹ፣ ማርያምን እየተጣሩ አብረዋት አደሩ።

በማግሥቱ አቧራ ለብሰን ከአውቶቡስ ስንወርድ ልጁ ታጥቦ ተጠቅልሏል። ጎረቤታችን ዓይናቸው ቀልቶ በራፉ ላይ ቆመው «እንኳን ደስ ያለዎት፤ ማርያም ማረቻት» አሉ። ያን ጊዜ ወጣት ሰባኪ ነበርንና በሌላ ቀን ቢሆን ትምህርት ልንሰጣቸው እንጀምር ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ጌታ በሉቃስ 10 ለሕግ አዋቂው ያቀረበለት ጥያቄ መጣብን፤ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማን ነበር? ጎንበስ ብለን እጃቸውን ሳምን።

ያቺ ሌሊት በትዳራችን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳትነካ ቀረች። ወደ አሜሪካ መጥተን፣ ልጆቻችን አድገው፣ በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ ወጣት እህቶች እናታቸው በሌለችበት አገር ሲወልዱ ማየት ስንጀምር ነው «ያቺ ሴት ያደረጉልኝን ለእነዚህ ማን ያደርግላቸዋል?» የሚለው ጥያቄ በቤታችን የተነሣው። ይቅርታ ተጠያየቅንና ሥልጠናው ተጀመረ።

አንድ ዓረፍተ ነገር የጨመርንበት ሌሊት

አሁን ወደ ከባዱ እንመጣለን። ባለ ታሪኮቹ እንድንጽፈው ፈቅደውልናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዲቪ የመጡ፣ ገና ዓመት ያልሞላቸው ባልና ሚስት ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው። ምጡ ከጀመረ አሥራ አራት ሰዓት ሆኖታል። ሐኪሟ ገብታ ማሽኑን አየች፤ ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በግልጽ ተናገረች፦ ምጡ በመጣ ቁጥር የሕፃኑ የልብ ምት እየወረደ ነው፤ ለመመለስም እየዘገየ ነው፤ አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግ እመክራለሁ። ነርሷ የአስተርጓሚውን ስክሪን እየገፋች ስትመጣ እኛ «አያስፈልግም፤ እኛ እንተረጉማለን» አልን።

ተረጎምን። የተረጎምነው ልክ ነበር። ነገር ግን መጨረሻው ላይ ሐኪሟ ያላለችውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርን፦ «ግን አይዞሽ፤ ትንሽ እንጸልይና እንየው።»

እህታችን ሐኪሟን አላየችም። እኛን ነው ያየችው። «እሺ፣ እንጸልይ» አለች። ሐኪሟ «ምን አለች?» ስትል «ጥቂት ጊዜ ትፈልጋለች» አልን። ጸለይን። ሐኪሟ ተመልሳ መጣች፤ አሁንም «ጥቂት» አልን። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ አልተቀመጠችም፤ ድምፅዋም ተለውጦ ነበር። ያኔ ደንግጠን «ፈርሚ» አልናት፤ ፈረመች። ሠላሳ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር። ልጁ ሲወጣ አላለቀሰም። በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል አሥራ አንድ ቀን ቆየ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ክፍል ወንበር ለወንበር የሚዘል ጤነኛ ልጅ ነው። ሐኪሞቹም ጉዳት እንዳልቀረበት ነግረውናል። እኛ ግን ያን ሠላሳ አምስት ደቂቃ አንረሳውም። ይበልጥ ያልረሳነው እናቱ ከወራት በኋላ ያለችንን ነው፦ «እኔ እኮ የጠበቅኩት እናንተ ፈርሚ እስክትሉኝ ነበር።»

ለምን ጠበቀችን? ይህን ስንመረምር ጉዳዩ ከዚያ ክፍል አልፎ ወደ መድረካችን ሄደ። ለዓመታት ነፍሰ ጡር እህቶችን ወደ ፊት ጠርተን ስንጸልይ «ቢላ አይነካሽም!» እንል ነበር። ጉባኤውም በታላቅ ድምፅ አሜን ይላል። በምስክርነት ጊዜ ማይክ የሚይዙት ያለ ቀዶ ሕክምና የወለዱት ናቸው። በቀዶ ሕክምና የወለዱት ልጃቸውን ታቅፈው ከኋላ ይቀመጣሉ። እምነታቸው ያነሰ መስሏቸው ነበር፤ ያንን ያስተማርናቸውም እኛው ነን። ስለዚህ ያቺ እህት ስክሪብቶውን ስትይዝ የምትፈርመው የሕክምና ወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም፤ በእኛ ጸሎት መሠረት የሽንፈት ወረቀት ላይ ነበር።

ኮሌጅ ውስጥ የተማርነው የመጀመሪያው ትምህርት ጽሑፉ ያላለውን አታስብለው የሚል ነው። ተማሪዎች ሳለን በጥቅስ ላይ የራሱን ሐሳብ የሚጨምር ሰባኪን እንተች ነበር። በዚያ ሌሊት ግን በሌላ ሰው ቃል ላይ ጨመርን፤ የጨመርነውም በእግዚአብሔር ስም ነው። «ዱሌ» ማለት አገልጋይ ነው ብለን ነበር። የታመነ አገልጋይ የተሰጠውን መልእክት እንዳለ ያደርሳል።

ወደ ቤታቸው ሄደን ባልና ሚስቱን ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያም አንድ እሑድ በጉባኤው ፊት ስለ ጸሎታችን ንስሐ ገባን። አንዳንድ ወገኖች ቅር ተሰኙ፤ «እምነት እያቀዘቀዛችሁ ነው» ያሉን አሉ። ከኋላ የሚቀመጡ ሁለት እናቶች ግን ከአምልኮው በኋላ መጥተው አቅፈውን አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ የያዝነው ሥርዓት

አንደኛ፣ አንተረጉምም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እህቶቻችን ሆስፒታል ገና እንደ ገቡ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» እንዲሉ እናስተምራቸዋለን። ባልም፣ ልጅም፣ ፓስተርም አስተርጓሚ አይሁን። የሚወድ ሰው ቃሉን ያለሰልሳል፤ የሚፈራ ሰው ይዘላል።

ሁለተኛ፣ አንወስንም። «ምን ላድርግ?» ስትለን «ሐኪሟን ምን ልትጠይቂያት ትፈልጊያለሽ?» እንላለን። ብንዘገይ ምን ይሆናል? ሌላ አማራጭ አለ? እነዚህ ጥያቄዎች የማንንም እምነት አያፈርሱም።

ሦስተኛ፣ ጸሎታችንን አስተካከልን። አሁን «ጌታ ሆይ፣ እናትንም ልጅንም በእጅህ ያዝ፤ ለሐኪሞቹ ጥበብ ስጥ፤ በየትኛውም መንገድ ቢሆን አብረሃት ሁን» እንላለን። ሐኪም ለመናገር ሲገባ ጸሎት እናቆማለን። እግዚአብሔር አቋረጡኝ ብሎ አይቆጣም።

ስለ ሕመም ማስታገሻም ብዙ እንጠየቃለን። «በዘፍጥረት 3 በጭንቅ ትወልጃለሽ ተብሏልና ኤፒዱራል መውሰድ ኃጢአት አይሆንም ወይ?» ይሉናል። በዚያው ምዕራፍ ምድር እሾህና አሜከላ እንደምታበቅል ለአዳምም ተነግሮታል። ታዲያ አረም የሚያርም ገበሬ ኃጢአት ሠራ ያለ ሰባኪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የምትፈልግ ትውሰድ፤ የማትፈልግ ትተው። አጠገቧ መሆናችን በዚያ አይለወጥም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ

እዚህ አገር በተለምዶ የወለደች እናት ሆስፒታል የምትቆየው ሁለት ቀን ያህል ነው፤ በቀዶ ሕክምና ከሆነ ሦስት ወይም አራት። ከዚያ ልጁን በመኪና ወንበር አስረው ይሸኟታል። አሜሪካ ሁሉንም ሠራተኛ የሚያቅፍ፣ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ በፌዴራል ሕግ የላትም። ኡበር የሚነዳ ባል ካልነዳ ገንዘብ የለም፤ በአራተኛው ቀን ይወጣል። እናት አዲስ አበባ ናት። እናም አራሷ በሦስተኛ ፎቅ አፓርትመንት ውስጥ ከልጁና ከቴሌቪዥኑ ጋር ትቀራለች።

እኛም እንጠይቃለን ብለን አሥራ አምስት ሆነን የሄድንበት ጊዜ ነበር። ዘምረን፣ ጸልየን፣ ገንፎ በልተን፣ አራሷ ራሷ ቡና አፍልታ አስተናግዳን ወጣን። አሁን እንደዚያ አናደርግም። ተራ አውጥተናል። አንዷ አጥሚት ታመጣለች፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ አንዷ ልጁን ይዛ እናትን ለሁለት ሰዓት ታስተኛለች። ቡና የሚያፈላው የመጣው ሰው ነው። በሩት 4 ጎረቤቶች ተሰብስበው ደስ ሲላቸው ኑኃሚን ሕፃኑን ታቅፋ ሞግዚት ሆነችው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጆቻቸው ያደጉላቸው ስንት ኑኃሚኖች አሉ!

ሐኪሞች እናትን በደንብ የሚከታተሉት እስከ ስድስተኛው ሳምንት ነው፤ ያው የእኛ አርባ ቀን ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዓይናችንን ከእናት ላይ አናንሣ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሙሉ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ካለ «አራስ ነሽ፣ ያልፋል» አይባልም። ወዲያው ወደ ሐኪም ይደወላል፤ ከጠናም 911። ሲጠይቋት «በቅርቡ ወልጃለሁ» ማለትን አትርሳ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ጥቁር እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱት ከነጮች ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የእኛም እህቶች በዚሁ ቁጥር ውስጥ ናቸው።

ሌላም አለ። በዚሁ ማዕከል መረጃ ከወለዱ ስምንት እናቶች አንዷ ገደማ የድብርት ምልክት ይታይባታል። አንዲት እህት «ልጁን ሳየው ምንም አይሰማኝም» ብላ ነገረችን። ከእኛ በፊት ለሌላ ሰው ነግራ «ክፉ መንፈስ ነው፤ ጹሚ» ተብላ ነበር። ጡት እያጠባች፣ ሳትተኛ፣ ጾመች። ጸለይንላት፤ በዚያው ቀን ደግሞ ከሐኪሟ ጋር ቀጠሮ አስያዝን። አሥር ጥያቄ ያለበት አጭር መጠይቅ ሞላች፤ ምክርም መድኃኒትም አገኘች። በአገር አቀፍ ደረጃ ለእናቶች የአእምሮ ጤና በ2022 የተከፈተ፣ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ነፃ የስልክ መስመር አለ፦ 1-833-852-6262። በየእህቶች ኅብረት ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ለባሎችም አንድ ቃል አለን። አባቶቻችን ከወላድ ክፍል ውጭ ነበሩ፤ እዚህ ግን «እትብቱን ትቆርጣለህ?» ተብለህ መቀስ ይሰጥሃል። ብትፈራ አያሳፍርም። ኮሪደር ላይ ከብዙ ባሎች ጋር ቆመናል፤ የሚንቀጠቀጡ ጉልበቶችን አይተናል። ግባና እጇን ያዝ። የሚሠራ ነገር ባታውቅም አጠገቧ ሁን። ከሁለታችን አንዱ ይህን ዕድል አንድ ጊዜ አሳልፎታል፤ ጉባኤው በየዓመቱ ይደገማል፣ ያቺ ሌሊት ግን አልተደገመችም።

የአደራው መጨረሻ

እናቷ አደራ ያሉን እህት ምጥ የያዛት አንድ ረቡዕ ማታ ነበር። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ምጡ ቆመ። ሐኪሙ መጥቶ ቀዶ ሕክምና መከረ። በስክሪኑ ላይ ያለችው አስተርጓሚ ቃል በቃል አስረዳቻት። እህታችን እኛን አየችን። ያ የድሮው ሌሊት መጣብን። ዝም ብለን እጇን ያዝን። ፊቷን ወደ ሐኪሙ መልሳ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፤ መልሱን ሰማች፤ ከዚያ «ስክሪብቶ ስጡኝ» አለች። አብሯት የገባው ባሏ ነው፤ እኛ ኮሪደር ላይ ቀረን።

ልጅቷ ስትወለድ በእኛ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ስልክ ስንደውል በዚያ ማዶ ጎረቤት ተሰብስቦ እልልታው ቀለጠ። እናት እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ልጃቸውን አዩ፣ የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ «ዱላዬስ የት አለች? አሳዩኝ» አሉ። ስልኩ ወደ እኛ ሲዞር «እጃችሁ ይባረክ» አሉ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እሑድ ያቺ እህት ማይክ ያዘች። «ጌታ ይመስገን፤ በቀዶ ሕክምና፣ በሰላም ተገላገልኩ» አለች። ጉባኤው አሜን አለ። ድምፁ ከድሮው አላነሰም።

ወገኖቻችን፣ በዘጸአት 1 ሲፓራና ፉሐ የተባሉ ሁለት አዋላጆች ስማቸው ተጽፎ ቀርቷል፤ የዚያ ፈርዖን ስም ግን አልተጻፈም። እግዚአብሔር በወላድ አልጋ ዙሪያ የሚሠራውን ሥራ እንዲህ ያያል። በመዝሙር 22 ዳዊት ከእናቱ ማኅፀን ያወጣው እግዚአብሔር ራሱ እንደ ሆነ ይናገራል። ጌታን ገና ያላወቃችሁ፣ ይህን ጽሑፍ እንደ አጋጣሚ የምታነቡ ወዳጆቻችን፣ የምናምነው አምላክ ከሩቅ ሆኖ «አይዟችሁ» የሚል አይደለም። ከሴት ተወልዶ፣ በግርግም ተኝቶ፣ በመካከላችን ሆኖ መከራችንን የተካፈለ ነው። ስሙም አማኑኤል ነው፤ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው።

በዚህ ሳምንት በአጥቢያችሁ ቀኗ የደረሰ አንዲት እህት ትኖራለች። እናቷ የት እንዳለች ጠይቋት። በሌሊት የምትደውልለት ስልክ ቁጥር ስጧት። ስትደውልም ሂዱ።

ጌታ ይባርካችሁ።